ሲጠየቁም አስረድተዋል

አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው አልተጨማደደም። ብርድ ልብሱ ታጥፎ ግርጌው ላይ ተቀምጧል።

የደም ግፊት ኪኒናቸው መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ከብልቃጡ ጎን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አለ። መነጽራቸው የለም፤ ጫማቸው የለም፤ እሳቸውም የሉም።

መርማሪው በሩ መቃን ላይ ቆሞ ክፍሉን ቃኘ። የተሰበረ ነገር አላየም። መሳቢያው አልተበረበረም። ሰው ተጎትቶ የወጣበት ክፍል እንዲህ አይጸዳም፤ ሰው ላይመለስ የወጣበት ክፍል ግን ልክ እንዲህ ነው የሚጸዳው።

«መቼ ነው የጠፉት?»

«ትላንት ጠዋት» አለ ልጃቸው። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራ ይግባ አይግባ ሳይወስን የመሣሪያ ቦርሳውን እንዳነገበ ቆሟል። «ማለቴ፣ ጠዋት ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ማለት?»

«በሩ ዝግ ነበር። ተኝተዋል ብዬ ሳላንኳኳ ወጣሁ። ማታ ስመለስ የሉም። ዘመድ ቤት፣ የሐኪም ቤት ድንገተኛ ክፍል፣ ያልዞርንበት የለም።»

«ከሰው ተጣልተዋል?»

«እሳቸው? ከማን ጋር?»

እውነቱን ነው። ሴትየዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሰው ከእናቱ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ የሚያገኙት ጎልማሳ ሁሉ ፊታቸው አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ራቁቱን ሲጮህ አይተውታላ። አንቱ የማይላቸው ሰው የለም፤ የወለዱት ልጅ እንኳ አንቱ ነው የሚላቸው።

«ቤቱን ልትሸጡ ነው ይባላል» አለ መርማሪው።

ሊፍት ጠጋኙ ቦርሳውን አወረደ። «ማነው ያለው?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ተነጋግረናል፤ አልዋሽም። ግን እሳቸው ናቸው ያነሱት። ሸጠን ጠበብ ያለ ቤት እንግባ፣ ክፍሎቹ ይራራቁብኛል አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ክፍሎቹ ይራራቁብኛል። መርማሪው ይህን ሲሰማ ጀርባውን በረደው። ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁን ግን ገና ለራሱም አልፈቀደለትም።

«ሳጅን፣ አንዴ ወደ ጓዳ ይምጡልኝ» አለች የልጁ ሚስት።

ምራቲቱ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት እየለቀመች ነው የምትውለው። ምግብ ቤት ብንገባ ሜኑውን ሳታርም አታዝዝም እያለ ባሏ ይቀልድባታል። ዛሬ ግን ቀልድ የለም፤ ዐይኗ አብጧል። በሩን ገርበብ አድርጋ ስልኳን ዘረጋችለት።

«ያንብቡት።»

አነበበው።

«ጆሮ ጠቢው አባት። አንድ ጡረታ የወጣ አናጺ አለ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ የልጁና የምራቱ መኝታ ቤት በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ይቆማል። ለምን? ግለሰቡም ሲጠየቁ፣ ‹የሰው ትንፋሽ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም› ሲሉ አስረድተዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሰው ልጁን መልቀቅ ያቃተው ጥገኛ ወላጅ ይሉታል። እናንተስ ቤት ጆሮ ጠቢ አለ?»

ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ከላይ የቻናሉ ስም አለ፦ የሰው ጓዳ።

መርማሪው ክው አለ። ፊቱን ለመሸሸግ ስልኩን ወደ ዐይኑ አስጠጋ፤ ሁለተኛ የሚያነብ መስሎ ቆየ።

«እሁድ ምሳ ላይ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች አራሚዋ። «ደስ የሚል ነገር ሳገኝ ለቤቱ አነባለሁ፤ ልማዴ ነው። ባሌ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ነበር የማነበው። ዐይኔ ስልኩ ላይ ስለነበር እሳቸውን አላየኋቸውም። በማግስቱ ጠፉ።»

«ይሄ እኮ ስለ አናጺ ነው የሚያወራው» አለ መርማሪው። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን እዚህ ጋ ይዩ።» ጣቷን አስቀመጠች። «ከላይ ‹ይቆማል› ይላል። ከታች ‹መልቀቅ ያቃተው› ይላል። መሃል ላይ ግን ‹ሲጠየቁ›፣ ‹አስረድተዋል›። አንድ ሰው በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንተም አንቱም አይሆንም። መጀመሪያ የጸሐፊው ግድየለሽነት ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ግን ግድየለሽነት አይደለም። ሰውየው የሚያከብራቸውን ሰው ነው የጻፈው። ወንድ አደረጋቸው፤ አናጺ አደረጋቸው፤ አንቱታው ግን ከምላሱ አልለቅ አለው።»

«እና...?»

«እናማ ያን ሰሞን ቤታችን ሌባ ገባ፣ ሌሊት ኮቴ ሰማሁ ብዬ እርስዎን የጠራሁዎት ትዝ ይልዎታል? ሌባ አልነበረም። እሳቸው ነበሩ። እኛ በር ላይ ቆመው ትንፋሻችንን ሲያዳምጡ ነበር። ይሄን ለእኛ አልነገሩንም። ለአንድ ሰው ግን ነግረውታል። ያ ሰው ነው ለዓለም የነዛው። እሱን ያግኙልኝ፣ ሳጅን። ከቤታቸው ያስወጣቸው እሱ ነው።»

መርማሪው ስልኩን መለሰላት።

«አገኘዋለሁ» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ጸሐፊው እሱ ነበራ።

ነገሩ የተጀመረው በደህና ነው። መርማሪው ማንበብ ይወዳል። ሰዎች ሰልፍ ላይ ለምን ይቆጣሉ፣ ለቅሶ ቤት ለምን ሳቅ ያፍነናል፣ ስም ለምን ይጠፋናል፤ ስለ ሰው ልብና ስለ ኑሮ በየድረ ገጹ የሚጻፈውን ሁሉ ያነብና ያሳጥረዋል፤ ከዚያ ስሙን ሳይገልጽ «የሰው ጓዳ» ብሎ በከፈተው ቻናል ያጋራል። ጣቢያው ውስጥ ባልደረቦቹ «ዶክተር፣ ዛሬ የየትኛው ዕብደት ተራ ነው?» እያሉ ያሾፉበታል፤ የቻናሉ ባለቤት መሆኑን ግን አያውቁም። ማታ ማታ የማያውቃቸው ሰዎች «እግዜር ይስጥልን፣ ሕይወታችንን ነው የጻፍከው» ሲሉት ግን ደረቱ ይነፋል። ቀኑን ሙሉ ከሌባና ከደብዳቢ ጋር ሲጨቃጨቅ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እያደር የተነበበ ነገር ማጋራት አልበቃው አለ። ሰው «እውነተኛ ታሪክ» ይፈልጋል። እውነተኛ ታሪክ ደግሞ በየቀኑ ከጠረጴዛው ማዶ እየተቀመጠ ያለቅስለታል።

አራሚዋ ኮቴ ሰማሁ ባለች ማግስት አዋላጇ ራሳቸው ቢሮው መጡ። በሩን ዝጋው አሉት። «ሌባው እኔ ነኝ፤ ልጆቼ እንዳይሰሙ» አሉት። ያለባቸውን ነገሩት። ሲጨርሱ «አደራ» አሉ። እሱም «በእኔና በእርስዎ ይቅር» ብሎ ማለላቸው። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። የእሱ አደራ ግን ወር እንኳ ሳይደፍን አናጺ ሆኖ ወጣ። ይባስ ብሎ ከጻፋቸው ሁሉ በጣም የተወደደለት ይኸው ሆነ።

ከቤቱ እንደወጣ የግንብ ጥግ ይዞ ስልኩን ከፈተና ጽሑፉን ከቻናሉ ላይ ሰረዘው። ከንቱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ጽሑፉ ስንት መንደር አዳርሷል።

ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ተመልሶ በሩን ያንኳኳ ነበር። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። የፈራ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ጥፋት ይፈልጋል።

ፋርማሲስቱን አሰበ። የሰፈሩ ፋርማሲስት ለደንበኞቹ በየቀኑ እንዲህ ያለ ንባብ ይልካል፤ አዋላጇም መድኃኒታቸውን የሚገዙት ከእሱ ነው። ይበቃል። ከሰዓት በኋላ አስጠራው።

ቢሮው ጠባብ ነው። የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር አለ፤ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተንገዳገደ። በሩ ክፍት ነው፤ ሙቀቱ አያስዘጋም።

«ይህን ጽሑፍ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ለደንበኞቼ ልኬዋለሁ።»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ሳጅን፣ የእኔ ሙያ የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ነው። እሱው ጨርሶኛል። ደግሞ ልጻፍ?»

«አዋላጇ ስለ እንቅልፋቸው አማክረውሃል።»

«የእንቅልፍ ኪኒን ጠይቀውኛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም አልኳቸው።»

«ለምን እንደማይተኙ አልጠየቅካቸውም?»

«ጠየቅኋቸው እንጂ። ‹ለአንድ ሰው ነግሬዋለሁ፣ ለሁለተኛ አልደግመውም› አሉኝ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አቆመ። ማቆም አልነበረበትም።

«ማን ነው አሉህ?»

«ስም አልጠሩም። ‹የመንግሥት ሰው ነው፤ አፉ ጥብቅ ነው› አሉኝ።»

መርማሪው ቃሉን ጻፈው። ሥራው ነውና።

«ሳጅን፣ ግን ኪኒናቸውን ጥለው ነው የሄዱት ሲባል ሰማሁ» አለ ፋርማሲስቱ። «እውነት ከሆነ ጊዜ አትፍጁ። ግፊታቸው ሲወጣ በቆሙበት ነው የሚጥላቸው። እኔን እዚህ አስቀምጠህ ስትጠይቀኝ...»

«የሚደረገውን እኔ አውቃለሁ። የሰጠኸውን ቃል አነብልሃለሁ፤ ልክ ከሆነ ትፈርማለህ።»

ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ወትሮው በአንድ ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

«ግለሰቡም ሲጠየቁ፣ ‹ጽሑፉን ልኬዋለሁ እንጂ አልጻፍኩትም› ሲሉ አስረድተዋል። ግለሰቡም ስለ እንቅልፍ ኪኒኑ ሲጠየቁ፣ ‹ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም ብያቸዋለሁ› ሲሉ...»

«እንደገና ያንብቡት።»

ድምፁ ከበሩ በኩል መጣ። አራሚዋ ናት። የአዋላጇን ፎቶግራፍ አምጪ ተብላ ነበር፤ ፎቶውን በእጇ እንደያዘች ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆይታለች። ማንም ልብ አላላትም።

«ምኑን?» አለ መርማሪው።

«አሁን ያነበቡትን።»

አላነበበም። እሷም አልጠበቀችውም፤ ገባች።

«ሰውየውን ፊት ለፊት አንተ ነው የሚሉት። ወረቀቱ ላይ ግን አንቱ አሉት።»

«ቃል ስንቀበል ለማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የምንጽፈው። የሥራው ደንብ ነው» አለ መርማሪው።

ከአፉ እንደወጣ ራሱም ሰማው።

ፋርማሲስቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል።

«የሥራው ደንብ» አለች አራሚዋ ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ አክብሮት መስሎኝ! የሚያከብራቸው ሰው ነው ብዬ ስፈልግ ዋልኩ። አክብሮት አይደለም። እጁ የለመደው ሐረግ ነው።» ስልኳን አወጣች። «ዛሬ ጠዋት ይህን ያሳየሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለባሌ እንኳ አላሳየሁትም። ከሰዓት ስከፍተው ቻናሉ ላይ የለም፤ ተሰርዟል። ሰው በስልኬ የሚጫወት መስሎኝ ነበር። የመንግሥት ሰው፤ አፉ ጥብቅ ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ነህ» አለች።

እርስዎ የለ፣ ሳጅን የለ። መርማሪው በዕድሜው ብዙ ስድብ ሰምቷል፤ እንደዚህች «አንተ» አጥንቱን የነካው የለም። አልካደም። አንገቱን ደፋ።

«እኔ... ልፈርም?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ሂድ» አለው መርማሪው። «ይቅርታ አድርግልኝ። ሂድ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄው ነው። ፋርማሲስቱ ሁለተኛ ሳያስብለው ወጣ።

አራሚዋ ባዶው ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። እንደቆመች ጠየቀችው።

«መቼ ነገሩህ?»

«ኮቴ ሰማሁ ባሉ ማግስት።» ጠዋት አንቺ ሲላት ነበር፤ አሁን ሳያውቀው ወደ እርስዎ ዞረ።

«እዚህ?»

«እዚሁ። እዚያ ወንበር ላይ።»

«አደራ ብለውሃል?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን ጻፍከው?»

መልሱን ያውቀዋል። ሲናገረው ግን እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብሎ አላሰበም። «ሰው ይወደዋል ብዬ።»

«የትኛው ሰው?»

«የማላውቀው ሰው።»

ይህን ሲል ጆሮው እስኪግል አፈረ። ጠላት ቢሆኑት፣ ቂም ቢኖረው፣ ጉቦ ቢበላበት፣ ለወንጀሉ ምክንያት በተባለ ነበር። የማያውቃቸው ሰዎች «አቤት፣ የሰው ልብ ስታውቅ!» እንዲሉት ብሎ የአንዲት አሮጊት ገመና ሸጠ፤ ያውም በነጻ።

«ኪኒናቸውን ጥለው ነው የወጡት» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ ያዘችው። «ስለዚህ አሁን የምጠይቅህን በትክክል መልስልኝ። የጻፍከውን አይደለም የምፈልገው። ያሉህን ነው። ቃል በቃል።»

«‹የሰው ትንፋሽ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም› አሉ።»

«ይሄማ ተጽፏል። ሌላስ?»

«ሌላ... የቆረጥኩት አለ።»

«ንገረኝ።»

መርማሪው ዐይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ተናገረ። አንድም ቃል አልጠፋውም፤ ሙያው ነው። «‹ዕድሜዬን ሙሉ ትንፋሽ ስጠብቅ ነው የኖርኩት› አሉ። ‹ሕፃኑ ወጥቶ ያቺን የመጀመሪያዋን ትንፋሽ እስኪስብ ድረስ የእኔም ቀጥ ትል ነበር። የዚያን ሁሉ ሰው ትንፋሽ መጀመሪያ የሰማሁ ሰው፣ የባሌን መጨረሻ አልሰማሁም። አጠገቡ ተኝቼ ነው የሞተው። ጠዋት ስነቃ ቀዝቅዟል። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ አይተኛም። ልጄ በር ላይ የምቆመው መተንፈሱን ሰምቼ ልተኛ ብዬ ነው› አሉኝ።»

አራሚዋ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ይሄን ነው የቆረጥከው?»

«አዋላጅ መሆናቸው እንዳይታወቅ ብዬ...»

«እውነቱን።»

«እሱን ካስገባሁት አያስቅም ነበር።»

ከዚያ አራሚዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አስተካከለች።

«ድንገተኛ ክፍሉን ሁሉ ዞረናል» አለች። «ማዋለጃ ክፍል ግን አልሄድንም። ማን ያስባል? ይሄን ያወቀ ሰው ብቻ ነው የሚያስበው።»

መርማሪው ጠዋት ከዚያ ቤት ሲወጣ ይኸው ሐሳብ ሽው ብሎበት ነበር። «በምን አወቅህ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ስለመጣ አባረረው። ለዚህ ነው ፋርማሲስቱን ያስጠራው። ሰውዬው ጊዜ አትፍጁ ሲለው ጊዜ እየፈጀ የነበረው ለዚህ ነው።

ከመውጣቱ በፊት የአለቃውን በር አንኳኳ። ምርመራው ከእጁ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ለምን እንደሆነም ተናገረ። አለቃው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኛ እኮ ዶክተር የምንልህ ለጨዋታ ነበር» አሉ። «ሂድ፣ መጀመሪያ ሴትየዋን ፈልግ። ከዚያ ተመልሰህ ና፤ የምንነጋገረው ይኖራል።»

መርማሪውና አራሚዋ የሄዱበት፣ አዋላጇ ይሠሩበት የነበረው ጤና ጣቢያ የግንቡ ቀለም የተላላጠ፣ ወለሉ ግን የሚያብረቀርቅ ቤት ነው። የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ ፎቶውን እንኳ በቅጡ ሳታይ ፈገግ አለች።

«እሳቸው? ትላንት ጠዋት ነው የመጡት። እንግዳ ሳልሆን ልርዳችሁ አሉ። አለቃችንን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይከለክላቸዋል? ቤት ያውቃል ወይ ስንላቸው ያውቃል አሉን። ግፊታቸውን ለክተን መድኃኒት ሰጥተናቸዋል።»

መርማሪው ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። በሕይወት አሉ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ተከትሎት የመጣው ሐፍረት ይከብድ ነበር። የጠፋ ሰው ሲገኝ መርማሪ ደስ ብሎት ይገባል። እሱ በሩን ሳያልፍ ቆመ።

አራሚዋም በሩ ላይ ቀረች።

«አንተ ቅደም» አለችው። «እየሳቅሁ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?»

አዋላጇ በሁለት አልጋዎች መካከል ወንበር ላይ ተቀምጠው የሕፃን ጨርቅ ያጥፋሉ። በአንደኛው አልጋ አንዲት ወላድ ነቅታ ጋደም ብላለች፤ ሌላዋ ተኝታለች። ሕፃናቱ ሲተነፍሱ ይሰማል። አዋላጇ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«መጣህ?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለው ነበር።

«እማማ፣ እኔ...»

«ድምፅህን ቀንስ። ልጆች ተኝተዋል።»

ዝቅ ብሎ በርከክ አለ። «እማማ፣ አደራዎን በላሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«ምራትዎ ደርሳበታለች። እኔን ያገኘችኝም እሷ ናት። በሩ ላይ ቆማለች።»

«ብልህ ናት» አሉ፤ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ሌላውን አነሡ። «ስታነብም ደስ ትላለች። ድምፅ አላት።»

«ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ።»

«አጠፋኸው? ከየት?»

ዛሬ ጠዋት የገዛ እህቱ «ይሄን አይተኸዋል? በሳቅ ገደለኝ» ብላ ልካለታለች፤ ስልኩ ውስጥ ነው ያለው።

«ከስልክህ ላይ አታጣውም» አሉ አዋላጇ። «አውጣና አንብብልኝ።»

«እማማ?»

«አንብብልኝ። በሳቅ ነው የሰማሁት፤ ያለ ሳቅ ምን እንደሚመስል ልስማው። ከዚያ ቤቴ ትወስደኝና ልጄ ፊት ትደግመዋለህ። ያን ጊዜ የቆረጥከውን ትጨምርበታለህ። አሁን ግን እንደጻፍከው።»

ወላዷ ከትራሷ ቀና ብላ እያየቻቸው ነው። መርማሪው ስልኩን አወጣ። ፊደሉ ዐይኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ለስንት ሰው ያጋራውን ጽሑፍ ለአንድ ሰው ማንበብ አቃተው።

«አልችልም፣ እማማ። ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ።»

አዋላጇ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ ችዬዋለሁ» አሉ። «ምሳዬን እየበላሁ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እንዳያውቁብኝ ብዬ አብሬያቸው ስቄያለሁ።»

በሩ ላይ የቆመችው ምራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መርማሪው ከርዕሱ ጀመረ።